አጥኚውና የባለጎጆው ምሥጢር

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ እንጅባራ ከመግባቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር አስቀድሞ፣ ከአስፋልቱ ፈቀቅ ብሎ፣ ዙሪያውን ዛፍ የከበበው ክብ ሐይቅ ያገኛል። ይህ ዘንገና ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል መሆኑ ይነገራል። አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ውሃው መሬት ውስጥ የተጣደ ድስት መስሎ ይታየዋል፤ ነገሩም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ጕድጓዱን የከፈተው በጥንት ዘመን የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነውና። ስለ ዘንገና የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ አፈሩ፣ ከአፈሩም ይልቅ በአፈሩ ላይ ስለሚኖረው ቤተሰብና ወረቀትና እርሳስ ይዞ በሩን ስለሚያንኳኳው አጥኚ ነው።

የእሳተ ገሞራ ዐለት በብዙ ሺህ ዓመታት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራርስ ቀይ ሸክላ አፈር ይሆናል። ደጋና ዝናባም በሆነ አገር እንዲህ ባለው አፈር ላይ ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉት እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው በኩል እየገቡ በሰውነቱ ውስጥ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጡበታል፤ ቧንቧዎቹም ሲጎዱ እግሩ ያብጣል። ሕዝባችን «ዝሆኔ» የሚለው ይህ በሽታ በሐኪሞች ዘንድ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ ቃሉ እግርና አቧራ የሚሉትን የግሪክኛ ቃላት ያጣመረ ነው። በሽታው ትንኝ ከምታስተላልፈው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም ከቶ አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላው አገሪቱ በ659 ወረዳዎች 129,959 ሰዎች ታይተው ከመቶው አራቱ በዚህ በሽታ የተያዙ ሆነው ተገኝተዋል። ኋላም ከዚሁ ተነሥቶ በተሠራ ስሌት በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚያህሉ ዐዋቂዎች ሕሙማን እንዳሉ ተገምቷል። አዊ ዞንም በሽታው ከሚገኝባቸው አገሮች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ እንግባ። በአንድ ጎጥ ውስጥ ሁሉም በባዶ እግሩ ሲያርስ አንዱ ይታመማል፤ ሌላው ሳይታመም ይሸመግላል። የዚህን ምክንያት ሲፈልጉ የቆዩት የሕክምና ጠበብት በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገም መሆኑን ተገነዘቡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው ባወጡት ጥናት፣ የሰውነትን የመከላከል ኃይል በሚመራው የዘር ክፍል ላይ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት መኖሩን አሳዩ። አፈሩ ለሁሉም አንድ ሲሆን፣ የሰው ሰውነት ለአፈሩ የሚሰጠው መልስ ግን አንድ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ለሳይንስ ትልቅ ግኝት ነው። ለባለጎጆው ግን ሌላ ትርጕም አለው። በአገራችን ጋብቻ በታሰበ ጊዜ ሽማግሌ ምን እንደሚጠይቅ ሁላችንም እናውቃለን። ዝምድናው እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ ከዚያም ድምፅን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ቤቱ እንዴት ነው?» ይባላል። «ሰባት ቤት አገው» እየተባለ በቤትና በትውልድ በሚቆጠር ሕዝብ መካከል ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። እግሩ ያበጠ አጎት ያለባት ልጅ፣ እርሷ ራሷ ጫማ አድርጋ ያደገችና ምንም የሌለባት ብትሆንም፣ የሚጠይቃት ሰው ወሬውን ሰምቶ ከመንገድ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሕመምተኛውን ማዳን ሲያቅተው መሸሸግን ይማራል። ሕመምተኛውም ከሠርግና ከለቅሶ፣ ከማኅበርና ከቤተ ክርስቲያን እየቀረ ራሱን ይሸሽጋል።

አጥኚው የሚመጣው እንግዲህ ወደዚህ ቤት ነው። መጠይቁ ላይ ከተጻፉት ጥያቄዎች አንዱም «በቤተሰብዎ ውስጥ ሌላ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ?» የሚል ነው። ሕመምተኛው የስምምነቱ ቅጽ ተነቦለት እሺ ብሎ አውራ ጣቱን አትሟል እንበል። እሺ ያለው ግን ስለ ራሱ ነው። ያ ጥያቄ ሲመለስ ምሥጢራቸው የሚወጣው እኅቱ፣ ወንድሙ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችው የወንድሙ ልጅ፣ ማንም መጥቶ «ትፈቅዳላችሁ ወይ?» አላላቸውም። ዓለም የተስማማባቸው የምርምር ሥነ ምግባር ደንቦች፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣው ከሔልሲንኪው መግለጫ ጀምሮ፣ በይበልጥ የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው ፈቃድ ነው። በእኛ አገር ግን ነውሩም ክብሩም የአንድ ሰው ሳይሆን የቤት ነው። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ይመስለናል።

ይህን የምንለው ከራሳችን አንቅተን አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው የዘር ጥናት በወላይታ ከመካሄዱ አስቀድሞ፣ አጥኚዎቹ ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ሕዝቡ ስለ ጥናት፣ ስለ ፈቃድና ስለ በሽታው ምን እንደሚያስብ ለመረዳት ራሱን የቻለ ሌላ ቅኝት አድርገው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመውታል። ያገኙትም ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሰዎች በጥናቱ ለመሳተፍ የሚያመነቱበት ዋናው ምክንያት የመርፌው ሕመም ወይም የደሙ መቀዳት አልነበረም። በሽታው የቤተሰብ መሆኑ በጥናቱ ምክንያት ይታወጅና መገለሉ ይብስብናል ብለው መፍራታቸው ነበር። ከዚህም ሌላ ቀደም ሲል መጥተው ቃል ገብተው የቀሩ ሰዎች ያሳደሩት ጥርጣሬ ነበረ። በአንጻሩ ሕሙማኑን ሲረዱ የኖሩና ሕዝቡ የሚያምናቸው የአካባቢው ሠራተኞች አብረው ሲገኙ ነገሩ ይለዝባል። እንዲህ ያለው ቅድመ ቅኝት ከዚያ ወዲህ በሌሎችም የአገራችን ክፍሎች ተለምዷል፤ በምሥራቅ ጎጃምም፣ ወደፊት የምናነሣው የሕክምና ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ተደርጓል።

የቋንቋውም ነገር ትንሽ ቆም ብለን ልንመለከተው የሚገባ ነው። «ምርምር» የሚለው ቃል ከተማ ለተማረ ሰው የታወቀ ነው። ገበሬው ግን የሚያውቀው «ምርመራ»ን ነው፤ ምርመራ ደግሞ አንድም የፖሊስ ነው፣ አንድም የሐኪም። ከፖሊስ ከሆነ ይፈራል፤ ከሐኪም ከሆነ መድኃኒት ይጠብቃል። ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ እግሩን ለክቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሄደው ሰው «ለጥናት ብቻ ነው» ቢለውም፣ ባለጎጆው «ሊመረምሩኝ መጥተው ነበር፤ መድኃኒቱን ይዘው ይመለሳሉ» ብሎ ቢጠብቅ ምን ይፈረድበታል? ከዚህ የባሰው ደግሞ «ዘር» የሚለው ቃል ነው። እንግሊዞቹ «ጄኔቲክ» የሚሉትን በአማርኛ ስንገልጽ «በዘር የሚተላለፍ» እንላለን። ቃሉ ለእህል ዘርም፣ ለትውልድም፣ ለጎሣም ያገለግላል። ስለዚህ ምንም ክፉ ሐሳብ የሌለው አጥኚ «ጥናታችን ከዘር ጋር የተያያዘውን ይመለከታል» ብሎ ሲናገር፣ ሰሚው «ዘርህን ልናጣራ ነው የመጣነው» ሲል ይሰማዋል። ለዚህ ቃል የተሻለ ምትክ እስካሁን አልተገኘለትም፤ ዘመናዊ ሳይንስን ወደ አማርኛ በመመለስ ሥራ ላይ ያሉ ሊቃውንት ቢያስቡበት እንወዳለን።

በአዊ ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ ይጨመራል። የስምምነቱ ቅጽ በእንግሊዝኛ ይረቀቃል፤ ወደ አማርኛ ይተረጐማል፤ ጎጆው ውስጥ ሲደረስ ለእናትየዋ በአዊኛ ይነገራል። ለመጀመሪያው ወረቀት አለው፤ ለሁለተኛውም ወረቀት አለው፤ ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ በአስተርጓሚው አፍ ውስጥ ብቻ ያለ ነው። አስተርጓሚው ምን እንዳለና ምን እንደተወ ኮሚቴው አያውቅም፤ አጥኚውም አያውቅም። አስተርጓሚውስ ማነው? አብዛኛውን ጊዜ የዚያው መንደር ልጅ ነው። ከመንደሩ መሸሸግ የሚፈለገውን ነገር በመንደሩ ልጅ በኩል መጠየቅ እንዴት ያለ ነገር ነው! ከሩቅ የመጣ አስተርጓሚ ቢወሰድ ደግሞ አይታመንም። እዚህ ላይ ሁለቱንም የሚያድን መንገድ አለ ብለን አንዋሽም፤ ነገር ግን ማንኛቸው እንዲገቡ ቤተሰቡ ራሱ እንዲመርጥ መጠየቅ ገንዘብ አይፈጅም።

ከቃሉ ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ ትንሽ የሚመስሉ ነገሮች ትልቅ ሆነው እናገኛቸዋለን። በበሩ ላይ ማኅተም የተለጠፈበት መኪና ከአንዱ ቤት ደጃፍ ሲቆም አገር ሁሉ ያያል። የሕመምተኛው ስም በቅጹ ላይ በቁጥር ተተክቶ ይሆናል፤ መኪናው ግን ቤቱን በጣት ጠቁሟል። እንግዳ መጣ ተብሎ ቡና ይቆላል፤ ቡና ሲቆላ ጎረቤት ይጠራል፤ ጎረቤት በተቀመጠበት «ሌላ ታማሚ አለ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። አጥኚው ከቀበሌ መሪ ጋር ከመጣ ደግሞ፣ ባለቤቱ እምቢ ማለት የሚችል መሆኑ በወረቀቱ ላይ መጻፉ ምን ይረባል? ከቀበሌ ጋር የመጣን ሰው እምቢ ማለትን ማን ያውቅበታል? በሌላ በኩል ያለ ቀበሌ ፈቃድ መግባት ሕግም ጥንቃቄም አይፈቅደውም። መሪው እስከ ደጃፍ አድርሶ እንዲመለስ ማድረግ ግን ይቻላል።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር እንበል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የወላይታ ጥናት በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን እንደሚያጣ አስልቷል። ግማሽ የሚያህል ጉልበቱን በሽታ የወሰደበትን ገበሬ ግማሽ ቀን ቁጭ ብለህ ጥያቄ መልስ ማለት ስጦታ መጠየቅ ነው። ለጊዜው ካሣ መስጠት ፈቃዱን መግዛት ይሆናል የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በገንዘብ ብዛት ሰውን ማማለል ነውር ነው፤ የቀን ሥራውን ዋጋ መክፈል ግን ነውር ሊሆን አይችልም። ጠያቂው የቀን አበል ተከፍሎት፣ ተጠያቂው በነፃ እንዲቀመጥ ማድረግ በየትኛው ሚዛን ተመዝኖ ትክክል እንደሆነ አይገባንም።

እንግዲህ ይህን ያህል ችግር ካለ፣ ሕሙማኑን ከነምሥጢራቸው መተው አይሻልም ወይ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወላይታ 275 የጤና ባለሙያዎች ስለዚሁ በሽታ ተጠይቀው፣ ከግማሽ የሚበልጡት ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሐኪሙ ራሱ የሚፈራውን በሽታ ጎረቤት ቢፈራው ምን ይደንቃል! ይህን ያወቅነው ተጠንቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለው የሔልሲንኪ መግለጫም፣ ችግር ላይ ያሉትን ሰዎች በጥናት ማካተት የሚያመጣውን ጉዳት ከጥናት ውጭ ማድረግ ከሚያመጣው ጉዳት ጋር እንድናመዛዝን ያዛል።

በምሥራቅ ጎጃም የተደረገው ሙከራ ይህን ሚዛን ጥሩ አድርጎ ያሳየናል። ሕክምናው ለጆሮ ቀላል ነው፤ እግርን በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ማሰሪያ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ይህ በእውነት ይረዳል ወይ የሚለውን ለማረጋገጥ 696 ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን ወዲያው እንዲጀምር፣ ሌላው 12 ወር እንዲጠብቅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት፣ እግሩ ተቆጥቶ ትኩሳትና ከባድ ሕመም የሚጥልበት ጊዜ ሲጠብቅ በቆየው ወገን በአንድ ሰው በዓመት 23.9 ጊዜ ሲሆን፣ በታከመው ወገን 19.4 ጊዜ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች አንባቢያችን ደግሞ ያንብባቸው። ከመታከም በፊት አንድ ሰው በዓመት ውስጥ ሃያ ሦስትና ሃያ አራት ጊዜ ይወድቃል ማለት ነው።

እንግዲህ ያን የጠበቀውን ሰው እናስብ። ጎረቤቱ ሳሙናና ጫማ ሲሰጠው እርሱ «ለከርሞ» ተባለ። ይህ ጭካኔ አይደለም ወይ? ጉዳዩን ከልብ መርምረን የደረስንበት አሳብ የሚከተለው ነው። በዚያ አገር ቀድሞ ሕክምናው ለማንም አልነበረም፤ የጠበቀው ወገንም በመጨረሻ ታክሟል። ምደባውም በዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ ለገበሬው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዕቁቡንም ሲያወጣ የኖረው በዕጣ ነው። «ሐኪሙ መረጠ» ከሚባል ይልቅ «ዕጣ አልደረሰህም» የሚለውን በቶሎ ይረዳዋል፤ ቅርም አይለውም። ስለዚህ ሙከራውን ትክክል ነበር እንላለን። ነገር ግን ትክክል የሚያደርገው የ12ኛው ወር መጨረሻ ላይ ቃሉ መጠበቁ ነው። ቃሉ ባይጠበቅ ኖሮ ከጥናቱ ውስጥ የሚቀረው የ696 ሰዎች እግር ልኬት ብቻ ይሆን ነበር። ደግሞም አሁን መልሱ ስለ ታወቀ፣ ሌላ ሰው ተነሥቶ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ልጠይቅና ሌሎች ሕሙማንን አንድ ዓመት ላስጠብቅ ቢል ምክንያት የሚያገኝ አይመስለንም።

ናሙና ለዓመታት የሚቀመጥ ነገር ነውና ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ እናምጣ። በአሜሪካ አሪዞና የሚኖሩት ሐቫሱፓይ የተባሉት ጥንታዊ ነገዶች ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ የስኳር በሽታ ስላስጨነቃቸው ደማቸውን ለዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ሰጡ። ኋላ ግን ያው ደም የአእምሮ ሕመምንና አባቶቻቸው ከየት እንደፈለሱ ለመመርመር ጭምር መዋሉን ሰሙ። ይህም ስለ መነሻቸው ከሚያምኑት ጋር የሚጋጭ ነበር። ክርክሩ እ.ኤ.አ. በ2010 በስምምነት ሲዘጋ 700,000 ዶላር ተከፈላቸው፤ የቀረውንም ደም ተረክበው ወደ አገራቸው ወሰዱት። የእነርሱ ቅሬታ ዋና ነገር መርፌው አልነበረም። ስለ አንድ ነገር የሰጡት ፈቃድ ሳይጠየቁ ለሌላ መዋሉ ነበር። የወላይታ ወይም የአዊ ባለጎጆ ስለ እግሩ ሲል የሰጠው ናሙና ነገ ለምን እንደሚውል የመጠየቅ መብቱ ከእነርሱ አያንስም።

የስም ዝርዝርም እንደ ናሙናው ሁሉ ከጊዜው በላይ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በየቤቱ እየዞሩ መመዝገብ ለተመዝጋቢውም ለመዝጋቢውም የሚያስፈራ ሥራ ሆኗል። የቤቱን በር ቁጥር፣ የቤተሰቡን አባላት ስምና ዕድሜ የያዘ ወረቀት ለሕክምና ተብሎ ቢጻፍም በማን እጅ እንደሚወድቅ ዋስትና የለም። የማያስፈልግ ስም ከመጀመሪያውም ባይጻፍ ይሻላል።

በአዊ ዞን ራሱ የተደረገውን ሳንጠቅስ ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ አገር የብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ጠበብት አብረው በሠሩት ፕሮግራም፣ በፖዶኮኒዮሲስ፣ በትንኝ በሚተላለፈው ዝሆኔና በሥጋ ደዌ እግራቸው የተጎዳ ሰዎች በአንድነት፣ በመንግሥት ጤና ድርጅቶች ውስጥ እንዲታከሙ ተሞክሯል። ከእግሩም ጋር የመንፈስ ጭንቀታቸው አብሮ እንዲታይ ሆኗል። ይህ አካሄድ ደስ ያሰኘናል፤ ሕመምተኛው የተለየ መኪና ደጃፉ ሳይቆም፣ እንደማንኛውም ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለሚታይ ነው። አጥኚው አገሩ ሲገባ ሥራው በጤና ጣቢያው ውስጥ ይቀራል የሚል ተስፋም ይሰጣል።

ውጤትን መልሶ መንገር ግን ገና የሚጎድለን ነገር ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት አገሮች የተካሄደው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ 3,000 የሚያህሉ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን ከነቤተሰቦቻቸው በ20 ቦታዎች እየተመላለሰ ሲከታተል፣ ልጆቹ እንዳይታወቁ የመንደሮቹን ስም እንኳ በሌላ ስም ለውጦ አሳትሟል። ጥንቃቄው የሚያስመሰግን ነው። ለዓመታት ተመላልሶ የሚጠየቅ ቤተሰብ ግን «ከዚህ ሁሉ መልሳችን ምን ተገኘ?» ማለቱ አይቀርም፤ ለዚህ ጥያቄ በእንግሊዝኛ የታተመ መጽሔት መልስ አይሆንም። ከላይ ያነሣነው የዘር ጥናት ውጤት ለባለጎጆው ቢነገረው፣ «ዘራችሁ ነው» ተብሎ ሳይሆን «ልጆቻችሁ ጫማ ቢያደርጉና እግራቸውን ቢታጠቡ አይታመሙም» ተብሎ ሊነገረው ይገባል። ሁለቱም ከአንድ ጥናት የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው የልጅቱን ጋብቻ ያፈርሳል፤ ሁለተኛው ጫማ ያስገዛል።

ስለ ትልልቆቹ ጥናቶች ይህን ካልን፣ ኮሚቴ በቅጡ ሳያያቸው ስለሚያልፉት ትንንሾቹ ጥቂት እንጨምር። እኛም ዩኒቨርሲቲ ሳለን እንደምናስታውሰው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚመዘነው በተሞላው መጠይቅ ብዛት ነበር፤ ስንት ቤት ቡና እንደጠጣን፣ ስንት ቤትም አስጨንቀን እንደወጣን የጠየቀን መምህር አልነበረም። ዛሬ በእንጅባራም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪዎቹም መጠይቅ ይዘው ወደ ባንጃና ወደ ዳንግላ ቀበሌዎች ይወጣሉ። ለእነርሱ አስቸጋሪ ያልሆነ አንድ ነገር እንለምናለን። «በቤተሰብዎ ውስጥ ሌላ ሕመምተኛ አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥተው ወደ መጨረሻው ያውርዱት፤ ሲደርሱበትም ጎረቤት ቡናውን ጠጥቶ እስኪወጣ ይቆዩ፤ ከዚያም «ይህን ባይመልሱልንም አንቀየምም» ብለው ይጠይቁ። ሳይመለስ የቀረውን ባዶ ቦታ መምህራቸው እንደ ጉድለት እንዳይቆጥርባቸው ደግሞ መምህሩን የምንለምነው እኛ ነን።